የአራዳ አየር፦ ድርሻውና ግፊቱ

የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ ከጅቡቲ ወደብ የተሳፈረ መንገደኛ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለገሃር ላይ ይወርድ ነበር። ጓዙን አሸክሞ ወደ አራዳ ገበያና ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰውን ዳገት በእግሩ ሲያያዘው፥ ከቆላ የመጣ ሰው እንደሆነ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይልበታል፤ ልቡም ከወትሮው ፈጥኖ ይመታል። ጥቂት አረፍ ብሎ ምክንያቱን የጠየቀ እንደሆነ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «አገሩ ደጋ ነው፤ አየሩ ቀጭን ነው፤ ኦክሲጅኑ ያንሳል» ይሉታል።

ይህ መልስ ዛሬም ከተማረውም ካልተማረውም ይሰማል። ይሁን እንጂ በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። «ያንሳል» ሲባል የሚያንሰው ኦክሲጅን በአየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ ነው ወይስ ግፊቱ? ድርሻ ማለት ከመቶው ስንቱ ኦክሲጅን ነው የሚለው ሲሆን፥ ግፊት ደግሞ ያ ኦክሲጅን በምን ያህል ኀይል ሳንባን፥ እሳትንና የሞተርን ሲሊንደር ያገኛል የሚለው ነው። ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ የአውሮፓ ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የዚያን ልዩነት ታሪክ አራዳ ላይ ቆሞ ለመመልከትና፥ ልዩነቱን መዘንጋት በዛሬው የሙያ ሥራችን ውስጥ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የተባለባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የቀሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከፍታን በፈላ ውሃ መለካት

አየር ክብደት እንዳለው በመሣሪያ ያስመሰከረው ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በባዜቃ (ሜርኩሪ) የተሞላ የመስተዋት ቧንቧ በባዜቃ ገበታ ላይ ደፍቶ፥ ባዜቃው በቧንቧው ውስጥ 760 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደሚቆም አሳየ። ባሮሜትር የተባለው መሣሪያ ከዚህ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1648 ደግሞ ፔሪዬ የተባለው ፈረንሳዊ በአማቹ በፓስካል አሳሳቢነት መሣሪያውን ፒዊ ደ ዶም ወደተባለው ተራራ ይዞ ሲወጣ፥ ባዜቃው ከ80 ሚሊ ሜትር በላይ ዝቅ አለ። ከፍ ባልን ቁጥር ከበላያችን የሚቀረው አየር ስለሚያንስ፥ ክብደቱም የዚያኑ ያህል ይቀንሳል።

ነገር ግን የመስተዋት ባሮሜትር በበቅሎ ጭኖ የኢትዮጵያን ገደል መውጣትና መውረድ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ተጓዦች ሌላ ዘዴ ይዘው መጡ። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት በላዩ ካለው አየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። እንግዲህ የሚፈላበትን ሙቀት በጥሩ ቴርሞሜትር የለካ ሰው የአየሩን ግፊት ዐወቀ ማለት ነው፤ ከግፊቱም ተነሥቶ የቦታውን ከፍታ ያሰላል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አሥር ዓመት ያህል በአገራችን የተዘዋወረው አንቷን ዳባዲ የሰሜንና የምዕራብ ኢትዮጵያን ተራሮችና አምባዎች ሲለካ ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው የፈላ ውሃ ቴርሞሜትር ነበር። ውጤቱንም «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» በተባለው መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 ባለው ጊዜ አሳትሟል።

አራዳ ከባሕር ወለል በላይ በ2,450 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ስለሆነ፥ እዚያ የሚጣድ ጀበና 100 ዲግሪን አያይም። ውሃው የሚንተከተከው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባቄላና አተር ለመብሰል ጊዜ የሚወስዱትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ለ92 ዲግሪ ሙቀት የሚገባው የእንፋሎት ግፊት ከሠንጠረዥ ላይ ሲፈለግ 567 ሚሊ ሜትር ባዜቃ ሆኖ ይገኛል። ቁጥሩን ለስሌት እንዲያመች 570 ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። 570 ደግሞ የ760 ሦስት አራተኛ ነው። የአራዳ ነዋሪ በባሕር ጠረፍ ላይ ካለው አየር ሦስት አራተኛውን ግፊት ይዞ ይኖራል ማለት ነው። ከለገሃር እስከ ፒያሳ ያለው መቶ ሜትር ያህል አቀበት ብቻ እንኳ ከባሮሜትሩ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል።

ዳልተንና የየብቻው ግፊት

ግፊቱ እንደሚቀንስ ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ቀረ። የአየሩ ቅንብርስ ይለወጣል? ኦክሲጅን ከናይትሮጅን ጥቂት ስለሚከብድ፥ ከታች ተንጣሎ ከላይ ይሳሳል ብሎ መገመት ለብዙዎች ተገቢ መስሎ ነበር። ሄንሪ ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ1783 የለንደንን አየር በተለያዩ ቀናት ደጋግሞ መርምሮ፥ ዛሬ ኦክሲጅን የምንለው ክፍል ከመቶ 20.83 መሆኑንና ከቀን ወደ ቀን አለመለዋወጡን አስታወቀ። ከዛሬው ቁጥር ከ20.95 ጋር ሲነጻጸር ጥንቃቄው ያስደንቃል። ይሁንና ይህ የተለካው በምድር ላይ እንጂ በከፍታ ላይ አልነበረም።

ለነገሩ ሕግ ያበጀለት በማንችስተር በአስተማሪነት ይተዳደር የነበረው ጆን ዳልተን ነው። ዳልተን ከ1787 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1844 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የአየሩን ጠባይ በየቀኑ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበውም በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ነገር ነበር። ተኑ ከአየሩ ጋር በኬሚካዊ ውሕደት ተጣብቋል ወይስ ብቻውን እንዳለ ይኖራል? በሙከራው እንዳገኘው፥ በአንድ ዕቃ ውስጥ ደረቅ አየር ቢኖርም ባይኖርም ውሃው በዚያው ሙቀት የሚሰጠው የተን ግፊት አንድ ዓይነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1801 ሕጉን አቀረበ። በቅይጥ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ጋዝ ሌሎቹ እንደሌሉ ቈጥሮ የራሱን ግፊት ያሳርፋል፤ ጠቅላላው ግፊት የእነዚህ ከፊል ግፊቶች ድምር ነው።

ከዚህ ሕግ ጋር ኢጣሊያዊው አቮጋድሮ እ.ኤ.አ. በ1811 ያቀረበው ሐሳብ ሲገናኝ ስሌቱ ተሟላ። እርሱ እንዳለው፥ ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል የሆነ ጋዞች በእኩል ስፋት ውስጥ እኩል ቍጥር ያላቸው ሞለኪዩሎች ይኖሯቸዋል። ስለዚህ በአንድ ዕቃ ውስጥ የአንዱ ጋዝ ከፊል ግፊት ከጠቅላላው ግፊት ያለው ድርሻ፥ የዚያ ጋዝ ሞለኪዩሎች ቍጥር ከጠቅላላው ቍጥር ካለው ድርሻ ጋር አንድ ነው። በዛሬው አጠራር የሞል ድርሻ የምንለው ይኸው ነው። ስሌቱም አንዲት ማካፈል ብቻ ናት፦

የሞል ድርሻ = ከፊል ግፊት ÷ ጠቅላላ ግፊት

የአራዳን ደረቅ አየር በዚህ እንመርምረው። ከፊል ግፊቶቹ በሚሊ ሜትር ባዜቃ እንዲህ ናቸው፦

ናይትሮጅን 445.1
ኦክሲጅን 119.4
አርጎን 5.3
ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.2
ጠቅላላ 570.0

119.4 ለ570 ሲካፈል 0.2095 ይሆናል። በጅቡቲ ወደብ ደግሞ የኦክሲጅኑ ከፊል ግፊት 159.2፥ ጠቅላላው 760 ነው፤ ሲካፈል ያው 0.2095 ነው። የባቡሩ መንገደኛ ዳገቱን ሲወጣ 40 ሚሊ ሜትር ያህል የኦክሲጅን ግፊት ጥሎ መጥቷል፤ ከድርሻው ግን ቅንጣት አልጎደለበትም።

በክረምት ወራት ሂሳቡ ጥቂት ይለወጣል። ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሆኖ አየሩ በርጥበት ሲጠግብ የውሃው ተን 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይይዛል። ለደረቁ አየር የሚተርፈው 557 ነው፤ ኦክሲጅኑም 116.7 ይሆናል። ይህን ለ570 ብናካፍለው 0.205 እናገኛለን። ዳልተንን ያሳሰበው የውሃ ተን የራሱን ቦታ ስለ ያዘ የሌሎቹ ድርሻ ጥቂት ተገፋ ማለት ነው።

ድርሻው በከፍታም አለመለወጡን በተግባር ያረጋገጠው ጌ ሉሳክ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1804 ብቻውን በባሉን ከፓሪስ ተነሥቶ 7,016 ሜትር ያህል ወጣ፤ እዚያም አየር በጠርሙስ ቀድቶ ወረደ። አየሩ ሲመረመር የኦክሲጅኑ ድርሻ ከምድሩ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ነፋስ አየሩን ዘወትር ስለሚያማስለው ከባዱ ከቀላሉ ለመለየት ፋታ አያገኝም።

ሰውነት የሚያነበው ቁጥር

ድርሻው ካልተለወጠ ታዲያ ተራራ የሚወጣ ሰው የሚታመመው ስለ ምንድን ነው? አንዳንዶች ሕመሙ የሚመጣው ሰውነትን የሚጫነው ግፊት በመላላቱ ነው ይሉ ነበር። ፈረንሳዊው ፖል ቤር በብረት ክፍል ውስጥ አየሩን እያሳሳ በእንስሳትና በራሱ ላይ ሞከረ። ግፊቱ ዝቅ ብሎ ሳለ ኦክሲጅን የበዛበት አየር ሲተነፍስ ሕመሙ ለቀቀው። ስለዚህ የሕመሙ ምንጭ የኦክሲጅኑ ከፊል ግፊት ማነስ እንጂ የአየሩ መላላት እንዳልሆነ፥ እ.ኤ.አ. በ1878 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ አስረዳ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1875 ዜኒት የተባለው ባሉን ሦስት ሰዎች ይዞ ከ8,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ክሮቼ ስፒኔሊና ሲቬል ሞተው፥ ቲሳንድዬ ብቻ በሕይወት ተመልሶ ነበር። የያዙት ኦክሲጅን በአጠገባቸው ነበር፤ ነገር ግን ራሳቸውን የሳቱት ሳይታወቃቸው ስለሆነ ሊጠቀሙበት አልቻሉም።

የሰው ሳንባ የሚቀበለው አየር በሰውነት ሙቀት በውሃ ተን ይሞላል፤ ተኑም 47 ሚሊ ሜትር ይይዛል። በአራዳ ከ570 ላይ 47 ሲቀነስ 523 ይተርፋል፤ ከዚህ 0.2095 የሚሆነው 110 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በባሕር ጠረፍ በዚሁ ስሌት 149 ይሆናል። ሰውነት የውሃውን ተን ግብር በየትም ቦታ እኩል ስለሚያስከፍል ደገኛው ከሦስት አራተኛም ጥቂት ያነሰ ያገኛል።

ደገኛው ግን በዚህ አይጎዳም። በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ውድድር ከአራዳ 200 ሜትር ያህል ዝቅ በምትለው በሜክሲኮ ከተማ፥ በ2,240 ሜትር ከፍታ ሲደረግ፥ የረጅም ርቀት ሯጮች ሰዓት በብዛት ዘገየ። አበበ ቢቂላ በእግሩ ጉዳት ምክንያት ማራቶኑን አቋርጦ ሲወጣ፥ ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ አንደኛ ሆነ። በሌላ በኩል አየሩ ሳስቶ ስለነበር ለአጭር ርቀት ሯጮችና ለዘላዮች ቀለላቸው። አንዱ የግፊት ማነስ አንዱን ጎድቶ ሌላውን ጠቀመ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ባወጡት ጥናት፥ የእነዚህ ደገኞች ሄሞግሎቢን ከቆላ ሰው ብዙም ያልበለጠ፥ ደማቸውም 95.3 በመቶ ያህል በኦክሲጅን የተሞላ መሆኑን ገለጡ። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውን በማብዛት፥ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን እያነሰም ቢሆን ኑሯቸውን በመቻል ሲለዩ፥ የእኛ ደገኞች ሦስተኛ መንገድ ይዘው ተገኙ።

መኪናው አራዳ ሲደርስ

ሰውነት እንዲህ ሲላመድ መኪና ግን አይላመድም። በ1890ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ላይ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሠራውን የመንገድ መዳመጫ አዲስ አበባ አስገባ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ መጣ። ሁለቱም መኪናዎች ከባሕር ጠረፍ አገር ለባሕር ጠረፍ አየር የተሠሩ ነበሩ።

በእንፋሎት መኪና ላይ ያለው የግፊት መለኪያ «ዜሮ» ሲል እውነተኛው ግፊት ዜሮ አይደለም፤ በአራዳ 570፥ በጅቡቲ 760 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያው የሚነግረን በውጭው አየር ላይ የተጨመረውን ብቻ ነው። ይህ ነገር በጋዝ ስሌት ላይ ምን ያህል እንደሚያሳስት አንድ ምሳሌ ያስረዳል። ባዶ ታንክ በአራዳ አየር እንደተሞላ ተዘግቶ ናይትሮጅን ይጨመርበት፤ መለኪያውም 570 ሚሊ ሜትር ሲያሳይ ይቁም። ኦክሲጅኑ እንደ ነበረ 119.4 ነው። መለኪያው ያሳየውን እንደ ጠቅላላ ግፊት ቈጥሮ 119.4ን ለ570 ያካፈለ ሰው 21 በመቶ አግኝቶ በታንኩ ውስጥ ምንም ለውጥ የለም ይላል። እውነተኛው ጠቅላላ ግፊት ግን 1,140 ነው፤ ድርሻውም 10.5 በመቶ ነው። በዚያ አየር ውስጥ ክብሪት አይነድም፤ የኦክሲጅኑ ከፊል ግፊት ግን እንደ ነበረ ስለሆነ ሰው ሊተነፍስበት ይችላል።

የቤንዚን ሞተርም የራሱ ችግር አለው። ሲሊንደሩ በአንድ ምጥ የሚስበው አየር በክብደት ሦስት አራተኛ ስለሆነ ጕልበቱ በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ላይ የድሮው ካርቡራተር ቤንዚኑን የሚመጥነው በአየሩ የፍጥነት ግፊት እንጂ በክብደቱ ስላልሆነ፥ በአራዳ ቅይጡ 15 በመቶ ያህል ቤንዚን ይበዛበታል። ከዚህም የተነሣ ጂግለሩ ያልተለወጠለት መኪና ዳገቱን ጥቁር ጢስ እየተፋ ይወጣ ነበር። ቤንዚኑ ሙሉ በሙሉ የሚቃጠልበት ኦክሲጅን ሲያጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ጥፋቱ የአየሩ ድርሻ አልነበረም፤ ለሌላ ግፊት የተስተካከለ መሣሪያ እንዳለ መምጣቱ ነበር።

በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ

ይህን ታሪክ እንድመረምር ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማው ነባር ክፍል በሚካሄድ አንድ ሥራ ላይ ሠራተኞች ወደ አሮጌ የምድር ውስጥ ታንክ ከመግባታቸው በፊት የአየሩን ኦክሲጅን እንድለካ ተላክሁ። መሣሪያው ገና ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ነበር። በረጅም ገመድ ወደ ታች ስሰደው 15.7 በመቶ አሳየና ደወሉ ጮኸ። ሥራው እንዲቆም አዘዝሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በማራገቢያ አየር ሲነፋበት ዋለ፤ መሣሪያው ግን ከ15.7 አልነቃነቅም አለ። በሦስተኛው ቀን በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡት ፎርማን ቀረብ ብለው፥

«ኢንጂነር፥ እስቲ እዚሁ ሜዳው ላይ ይክፈቱት» አሉኝ።

ከፈትሁት። ሰማዩ በጠራበት፥ ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ መሣሪያው 15.7 አለ።

«ጋሼ፥ እንግዲህ ሁላችንም ሞተናል ማለት ነው» አልኋቸው። ሳቁ። እኔ ግን ያደረብኝ ኀፍረት ቀላል አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ የዳልተንን ሕግ ተምሬ፥ ተፈትኜ፥ አልፌበታለሁ። መሣሪያው የሚያነበው ከፊል ግፊትን ነው፤ 119.4 አንብቧል። የተሠራበት አገር ግን ልኩን በ760 ስላስተካከለው 119.4ን ለ760 አካፍሎ 15.7 ብሎ ጻፈልኝ። መሣሪያው አልዋሸም፤ ያለሁበትን ቦታ ያልነገርሁት እኔ ነኝ። (ከፊል ግፊትን ሳይሆን ድርሻን እንዲያነቡ ተደርገው የሚሠሩም መሣሪያዎች አሉና፥ የያዝነው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ግዴታ ነው።)

በዚያ ቀን የባከነው ጊዜና ማራገቢያ ብቻ ነው። የሚያስፈራው ስሕተቱ በሌላ በኩል ሲመጣ ነው። ያን መሣሪያ አንድ ባለሙያ በአራዳ አየር 20.95 እንዲያነብ አስተካክሎ፥ ልኩን ሳያድስ ከባሕር ወለል ጋር ወደሚቀራረቡት የአፋር ቆላዎች ይዞት ቢወርድ፥ እዚያ 15.7 በመቶ ብቻ ኦክሲጅን ያለበትን ጉድጓድ «20.95 ነው፤ ደኅና ነው» ይለዋል። ደወሉም ዝም ይላል። ሌላው ስሕተት ደግሞ ከልምድ የሚመጣ ነው። «እዚህ አገር መሣሪያው አምስት ያህል ያጎድላል» ብሎ በንባቡ ላይ አምስት የሚጨምር ሰው፥ መሣሪያው 9 ሲል 14 ብሎ ይረዳል። ትክክለኛው ማስተካከያ ግን መደመር ሳይሆን በ760 አባዝቶ ለ570 ማካፈል ነው፤ 9 እውነተኛ ትርጕሙ 12 ነው። በ14ና በ12 መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ከፍታ ላይ ሮጦ በመውጣትና ተሸክሞ በመውጣት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ቁጥሮች ያስፈልጋሉ

«እንግዲያውስ ሰውነት የሚያውቀው ከፊል ግፊትን ብቻ ከሆነ፥ ስለ ድርሻው ምን አስጨነቀን?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልሱ ከእንጦጦ ይገኛል።

በብዙ አገሮች የሥራ ደኅንነት ደንብ ከ19.5 በመቶ በታች ኦክሲጅን ወዳለበት ዝግ ቦታ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መግባት ክልክል ነው። በአራዳ የ570 ሚሊ ሜትር 19.5 በመቶ 111 ሚሊ ሜትር ነው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን ከመቈርቈራቸው በፊት የከተሙበት እንጦጦ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጠቅላላው ግፊት ወደ 530 ይጠጋል፤ የኦክሲጅኑ ከፊል ግፊትም 111 ነው። እንግዲህ በእንጦጦ ጫካ እንጨት የሚለቅመው ሰውና በአራዳ ጉድጓድ ውስጥ 19.5 በመቶ የሚተነፍሰው ሠራተኛ ሳንባቸው የሚያገኘው ኦክሲጅን እኩል ነው። ይሁን እንጂ የእንጦጦው ሰው እስኪመሽ ድረስ ይሠራል፤ የጉድጓዱ ሰው ግን በአደጋ ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በእንጦጦ ሁሉም ጋዝ አብሮ ሳስቷል፤ ድርሻው 20.95 እንደሆነ ነው፤ አየሩ አየር ነው። በጉድጓዱ ውስጥ ግን ድርሻው ከ20.95 ወደ 19.5 የወረደው የገባ ነገር ስላለ ነው። ኦክሲጅኑ በሌላ ጋዝ ተገፍቶ ከሆነ፥ 19.5 ለ20.95 ሲካፈል 0.931 ስለሚሆን፥ ከጉድጓዱ ውስጥ 6.9 በመቶው ባዕድ ጋዝ ነው። በግፊት ሲነገር 39 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው። ባዕዱ ጋዝ ናይትሮጅን እንደሆነ ሰው ይታገሠው ይሆናል። ሚቴን እንደሆነ ግን በእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። በአሮጌ ፍሳሽ ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ከ500 እስከ 1,000 ክፍል፥ ይኸውም ከ0.6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ከፊል ግፊት፥ ሰውን ይጥላል። ወድቆ ያየውን ጓደኛውን ለማውጣት የሚገባው ሁለተኛው ሰው የሚሞተውም በዚሁ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ቁጥሮች ለሁለት ጥያቄ የሚመልሱ ሁለት ምስክሮች ናቸው። ድርሻው የሚመሰክረው ስለ አየሩ ነው፤ ሌላ ነገር ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም? ከፊል ግፊቱ የሚመሰክረው ስለሚተነፍሰው ሰው ነው፤ ይበቃዋል ወይስ አይበቃውም? አንዱን ምስክር በሌላው ቦታ ያቆመ ሁሉ ፍርዱ ይዛባበታል። ባሮሜትሩ ደግሞ ሁለቱን የሚያስማማ ዳኛ ነው፤ ጠቅላላውን ግፊት ሳያውቁ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም።

ይህን ነገር አሁን ማንሣት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዙሪያዋ አያሌ ነባር ቤቶች ፈርሰው አካባቢው በአዲስ መልክ እንዲሠራ ተደርጓል። የቀድሞው አራዳ ገጽታ በብዙ ቦታ ተለውጧል። ከተማ ሲታደስ መሬቱ ይቈፈራል፤ የአሮጌ ግቢ ጉድጓዶች ይከፈታሉ፤ ቧንቧዎችና የምድር ውስጥ ክፍሎች ይሠራሉ። በእነዚህ ውስጥ የሚወርደው ብዙ ጊዜ መሐንዲሱ ሳይሆን የቀን ሠራተኛው ነው፤ የሚወርደውም መሐንዲሱ በነገረው ቁጥር ተማምኖ ነው።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየሥራው ቦታ አንድ ባሮሜትር ይኑር። በእያንዳንዱ የጋዝ መለኪያ ላይ ልኩ የተስተካከለበት ቦታና ግፊት በጕልህ ይጻፍ። መሣሪያው ወደ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት በቅድሚያ በሜዳው አየር ላይ ይከፈት፤ 20.9 ካላለ ልኩ ይስተካከል እንጂ በልምድ አይደመርበት። ይህን የመጨረሻውን ምክር እኔ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ያስተማሩኝ እኒያ ፎርማን ናቸው።